ማኅተም የሌለው ደብዳቤ፦ የጆን ፖስቴል ሕይወትና የኢሜይል መግቢያ ደኅንነት ጥያቄ

መግቢያ

በአገራችን የመሥሪያ ቤት ልማድ አንድ ደብዳቤ ተቀባይነት አግኝቶ መዝገብ ቤት የሚገባው ቁጥርና ቀን ሲይዝ፣ የኃላፊው ፊርማና ቲተር ሲያርፍበት፣ ክብ ማኅተምም ሲመታበት ነው። ከቦኬ ወረዳ ወደ ቺሮ፣ ከቺሮም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ወረቀት ሁሉ በዚህ ሥርዓት ያልፋል። የመልእክቱ ይዘት ምንም ያህል እውነት ቢሆን ማኅተም ከሌለው ተቀባዩ መመለስ ይችላል። ኢሜይል ግን ከተፈጠረ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ ማኅተም አልነበረውም። መልእክቱን ልኬአለሁ የሚለው አካል በእርግጥ ራሱ መሆኑን የሚጠይቅ በመንገዱ ላይ አልነበረም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ትላልቆቹ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪዎች ይህን ጉድለት ለመሙላት የመግቢያ ሥርዓታቸውን ደጋግመው ቀይረዋል። ከዚህም የተነሣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ይዘው የመልእክት ሳጥን ከፍተው ሪፖርት የሚሰበስቡ፣ ደረሰኝ የሚልኩ ወይም ማስታወቂያ የሚያደርሱ ፕሮግራሞች ባለቤቶቻቸው ሳያስቡት ሥራ ማቆም ጀምረዋል። ፕሮግራሙ አልተለወጠም፤ የይለፍ ቃሉም ትክክል ነው፤ የተለወጠው የበሩ ሕግ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ችግር ሥር የኢሜይልን መሠረታዊ የማስተላለፊያ ሕግ ባረቀቁት አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት በጆናታን ብሩስ ፖስቴል ሕይወት ውስጥ መፈለግ ነው። ፖስቴል ማንነት ሳይረጋገጥ የሚላክ መልእክት የሚያስከትለውን ጣጣ ቀድመው ያዩ ሰው ነበሩ። ሕግ ሲለወጥም ሥራ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ የአሠራር ልማድ ትተው አልፈዋል። ጽሑፉ የሚከራከረው ዛሬ የሚያስፈልገው ይኸው ልማድ መሆኑን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና የመጀመሪያው የመግባት ሙከራ

ጆን ፖስቴል ኦገስት 6 ቀን 1943 በካሊፎርኒያ ግዛት በአልታዲና ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሎስ አንጀለስ በቫን ናይስ ተከታተሉ። በኋላ የኢንተርኔት ታሪክ ከስማቸው ጋር አያይዞ የሚያነሣቸው ስቲቭ ክሮከርና ቪንት ሰርፍም የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ፖስቴል ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ገብተው በኢንጂነሪንግ በ1966 የመጀመሪያ፣ በ1968 የሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በ1974 ደግሞ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ባገኙ ማግሥት ዩኒቨርሲቲው የዓለምን የመገናኛ ታሪክ ለሚለውጥ ሥራ እየተዘጋጀ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት በተለያዩ ከተሞች ያሉ ኮምፒዩተሮችን የሚያገናኝ አርፓኔት የተባለ አውታር ለመዘርጋት ወስኖ ነበር፤ የመጀመሪያው መጋጠሚያም በ1969 በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተተከለ። በፕሮፌሰር ሌናርድ ክላይንሮክ ይመራ በነበረው ላቦራቶሪ ውስጥ ክሮከር፣ ሰርፍና ፖስቴል ገና በድኅረ ምረቃ ትምህርት ላይ ሳሉ የአውታሩን የመነጋገሪያ ሕግጋት መጻፍ ጀመሩ።

ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ማታ ቻርሊ ክላይን የተባለ የላቦራቶሪው ተማሪ በአውታሩ ላይ የመጀመሪያውን መልእክት ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኮምፒዩተር ለመላክ ሞከረ። የተሞከረው ቃል የመግቢያ ትእዛዝ ነበር፤ ማለትም በሩቅ ያለው ኮምፒዩተር በሩን እንዲከፍት የሚጠይቅ ቃል። ሁለት ፊደላት ብቻ እንደደረሱ የተቀባዩ ኮምፒዩተር ሥራውን አቆመ። ሙከራው የተሳካው ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ በአውታሩ ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ሥራ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የመግባት ጥያቄ ነበር፤ የመጀመሪያው ብልሽትም በዚያው በር ላይ የደረሰ ነው።

ያም ሆኖ በዚያን ጊዜ በሩ ላይ የነበረው ጥያቄ ቀላል ነበር። አውታሩን የሚጠቀሙት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ነበሩ፤ ተመራማሪዎቹም እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር። ኋላ ላይ የተጻፉት የኢሜይል ሕግጋት የተፀነሱት በዚህ የመተዋወቅ መንፈስ ውስጥ ነው።

የቁጥርና የሰነድ ባለአደራ

በኤፕሪል 1969 ስቲቭ ክሮከር አስተያየት መጠየቂያ የሚል ትሕትና ያለው ስም የሰጡትን የሰነዶች ተከታታይ ጀመሩ፤ ሰነዶቹ በአሕጽሮት አር ኤፍ ሲ ይባላሉ። ማንም አባል ሐሳቡን ጽፎ ያቀርባል፤ ሌሎች ይተቹታል፤ በተግባር የተፈተነው ይጸድቃል። ፖስቴል ብዙም ሳይቆይ የዚህ ተከታታይ አርታኢ ሆኑ፤ ሥራውንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ለሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልለቀቁም። ያልጠራውን ሐሳብ እየመለሱ፣ የተምታታውን ቃል እያቃኑ፣ እያንዳንዱ ሰነድ ቁጥርና ቀን እንዲይዝ እያደረጉ አለፉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ሥራ ነበራቸው። አንድ ኮምፒዩተር ብዙ አገልግሎት ስለሚሰጥ እያንዳንዱ አገልግሎት የሚታወቅበት ቁጥር ያስፈልገዋል። ሁለት ሰዎች አንድን ቁጥር ለሁለት ሥራ ከወሰዱት ፕሮግራሞች ይጋጫሉ። ፖስቴል በሜይ 1972 ባወጡት አር ኤፍ ሲ 349 ቁጥር የሚሰጥ አንድ ኃላፊ እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ፤ ሥራውንም ራሳቸው ያዙት። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ የኢሜይል ሰርቨሮች እርስ በርስ መልእክት የሚቀባበሉበት 25 ቁጥር በዚህ መንገድ ከተመዘገቡት አንዱ ነው። ይህ መዝገብ ኋላ ላይ የኢንተርኔት ቁጥሮች አዳይ ባለሥልጣን ተባለ፤ ስሙ የትልቅ ተቋም ቢመስልም ሥራው ለረጅም ጊዜ በፖስቴልና በጥቂት ባልደረቦቻቸው፣ በተለይም በጆይስ ሬይኖልድስ እጅ ነበር።

ፖስቴል በተለያዩ የምርምር ተቋማት ከሠሩ በኋላ በ1977 በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው የመረጃ ሳይንስ ተቋም ገቡ። ከዚያ በኋላ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ የሠሩት በዚሁ ነው። ረጅም ጢማቸውና ዘወትር የሚጫሙት ነጠላ ጫማ በሚያውቋቸው ዘንድ መለያቸው ነበር። በዕረፍት ጊዜያቸው በሴራ ኔቫዳ ተራሮች በእግር መጓዝ ይወዱ ነበር።

የኢሜይል ሕግና የጎደለው ማኅተም

በኖቬምበር 1975 ፖስቴል አር ኤፍ ሲ 706 የተባለ በጣም አጭር ሰነድ አወጡ። ርእሱ የማይፈለግ መልእክት የሚፈጥረው ችግር ነው። በአውታሩ ላይ ያለ ኮምፒዩተር የሚደርስበትን መልእክት መርጦ እምቢ የሚልበት ዘዴ እንደሌለው፣ ከዚህም የተነሣ የተበላሸ ወይም ክፉ ሐሳብ ያለው ላኪ ሌላውን በመልእክት ብዛት ሥራ ሊያስፈታው እንደሚችል አመለከቱ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ በሜይ 1978 የአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች ያልጠየቁትን የንግድ ማስታወቂያ ላከ። ፖስቴል በጽሑፍ ያነሡት ሥጋት በተግባር ታየ።

በኦገስት 1982 ፖስቴል ቀላል የመልእክት ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል የተባለውን አር ኤፍ ሲ 821 አወጡ። በእንግሊዝኛ አሕጽሮቱ ኤስ ኤም ቲ ፒ ይባላል። አሠራሩ እንደ ስሙ ቀላል ነው። ላኪው ኮምፒዩተር ለተቀባዩ ሰላምታ ያቀርባል፤ መልእክቱ ከማን እንደመጣ ይናገራል፤ ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያ መልእክቱን ያስረክባል። ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ቃል በሦስት አኃዝ ይመልሳል። በ2 የሚጀምር ቁጥር ተቀብያለሁ ማለት ነው፤ በ4 የሚጀምር ለጊዜው አልቻልሁም፣ ቆይተህ ሞክር ማለት ነው፤ በ5 የሚጀምር ደግሞ ይህን ጥያቄ አልቀበልም ማለት ነው። ይህ የአኃዝ ቋንቋ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፕሮግራም ተብሎ የተሰናዳ በመሆኑ ኢሜይልን ያለ ሰው እጅ ማንቀሳቀስ ከመጀመሪያው የሚቻል ሆነ።

በዚህ ሰነድ ውስጥ ግን ከማን እንደመጣ የሚናገረው ቃል እውነት መሆኑ የሚጣራበት አንቀጽ የለም። ላኪው የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል። ነገሩ በፖስታ ጀርባ ላይ የላኪ ስም እንደመጻፍ ነው፤ ፖስታ ቤቱ ያደርሳል እንጂ አያጣራም። መልእክት ለመቀበል ግን ሁኔታው ይለያል። ፖስቴልና አራት ባልደረቦቻቸው በፌብሩዋሪ 1985 ያወጡት አር ኤፍ ሲ 937 ተጠቃሚው በሰርቨር ላይ የተቀመጠለትን መልእክት በራሱ ኮምፒዩተር የሚወስድበትን ሁለተኛውን የፖስታ ቤት ፕሮቶኮል ይደነግጋል፤ በዚያም ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ያቀርባል። ቃሉ ግን በምስጢር አይጻፍም፤ በመስመሩ ላይ ጆሮ ያቆመ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። በዚህ ዘመን ለመላክ ምንም ማረጋገጫ አይጠየቅም ነበር፤ ለመቀበል የሚጠየቀውም ማረጋገጫ ለሌባ የተጋለጠ ነበር።

የፖስቴልን የአስተሳሰብ ልማድ የሚገልጽ ሌላ መርሕ በጃንዋሪ 1980 በወጣው አር ኤፍ ሲ 761 ውስጥ ሰፍሯል። መርሑ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው በሚልከው ነገር ሕጉን አጥብቆ እንዲይዝ፣ ከሌላው በሚቀበለው ላይ ግን ታጋሽ እንዲሆን ይመክራል። በልዩ ልዩ እጆች የተሠሩ፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ኮምፒዩተሮች በአንድ አውታር ላይ መነጋገር የቻሉት በዚህ ትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱ ግን ዋጋ ነበረው፤ የተዛባ መልእክት እየታለፈ ሲሄድ መዛባቱ ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ከሆነ በኋላ ሕጉን ለማጥበቅ ሲሞከር በስሕተቱ ላይ የቆሙት ሁሉ አብረው ይወድቃሉ። በጁን 2023 የወጣው አር ኤፍ ሲ 9413 ይህንኑ መርሕ መርምሮ፣ አንድ ፕሮቶኮል ጤናው የሚጠበቀው በማያቋርጥ ጥገና እንጂ ስሕተትን በመቻል ብቻ እንዳልሆነ አመልክቷል።

የ1983 ሽግግር፦ የታወጀ ለውጥ

ይሁን እንጂ ፖስቴልን የመቻቻል ሰው ብቻ አድርጎ መሣል ሕይወታቸውን ያጎድላል። አርፓኔት ከመጀመሪያው ይሠራበት የነበረውን የመነጋገሪያ ሕግ ትቶ ዛሬ ኢንተርኔት ወደሚሠራበት ቲ ሲ ፒ አይ ፒ ወደሚባለው ሕግ መሸጋገር በነበረበት ጊዜ የሽግግሩን ዕቅድ የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ዕቅዱ በኖቬምበር 1981 በአር ኤፍ ሲ 801 ወጣ፤ የመጨረሻው ቀንም ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ሆኖ ተቆረጠ። ከዚያ ቀን በኋላ በአሮጌው ሕግ ብቻ የሚናገር ኮምፒዩተር ከአውታሩ ይወጣል።

ዕቅዱ ሦስት ነገሮችን አጣምሮ ነበር። አንደኛው ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ በጽሑፍ የተነገረ ቀን ነው። ሁለተኛው የመሸጋገሪያ ድልድይ ነው፤ በሽግግሩ ዘመን ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ኮምፒዩተሮች በመካከል ሆነው ኢሜይል ጭምር እንዲያስተላልፉ ታስቦ ነበር። ሦስተኛው በአፈጻጸም ወቅት የተጨመረ ነው፤ በ1982 አሮጌው ሕግ መጀመሪያ ለአንድ ቀን፣ ከወራት በኋላም ለሁለት ቀናት በሙከራ እንዲዘጋ ተደረገ። ማስታወቂያውን ያላነበበ ወይም አንብቦ ችላ ያለ ሁሉ በዚያ ቀን ሥራው ሲቆም ለውጡ እውነት መሆኑን ተረዳ። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ያልተዘጋጁ ነበሩ፤ እነርሱን ማስተካከልም ወራት ወሰደ። አውታሩ ግን አልፈረሰም።

የአገር መለያዎችና ኢትዮጵያ

ኮምፒዩተሮች በበዙ ቁጥር በስም የሚጠሩበት ሥርዓት አስፈለገ። ፖስቴል ሥራውን በተቋማቸው ለነበሩት ለፖል ሞካፔትሪስ ሰጡ፤ እርሳቸውም በኖቬምበር 1983 የስያሜ ሥርዓቱን አወጡ። በኢሜይል አድራሻ መጨረሻ ላይ የሚታየው ስም የዚህ ሥርዓት ፍሬ ነው። ለእያንዳንዱ አገር ሁለት ፊደል ያለው መለያ ሲሰጥ ፖስቴል አገር የትኛው ነው የሚለውን የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ላለመግባት ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣውን ዝርዝር ተከተሉ። በማርች 1994 ባወጡት አር ኤፍ ሲ 1591 የአገር መለያ የሚያስተዳድር አካል የንብረቱ ባለቤት ሳይሆን ለአገሩ ሕዝብና ለዓለም የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ባለአደራ መሆኑን ደነገጉ።

ኢትዮጵያን የሚመለከተው የፖስቴል ሥራ ይህ ነው። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው ኢ ቲ በኦክቶበር 1995 በዚሁ መዝገብ ገባ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ኢሜይል የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት መልእክቶችን አጠራቅሞ በስልክ መስመር እየደወለ ወደ ውጭ ይልክ፣ የመጣለትንም ይቀበል ነበር፤ አሠራሩን ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አዳርሷል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 ነው። አገልግሎቱ ከዋና ከተማዋ ተነሥቶ በሐረር መንገድ ላይ እስካለችው ቺሮና እስከ ምዕራብ ሐረርጌ ወረዳዎች ሲደርስ፣ ኢሜይል ከማንነት ማረጋገጫ ጋር የነበረበት የቆየ ችግር አብሮት ደረሰ። ይህም ለኋላ ገቢው ድርብ ሸክም ነው፤ ሥርዓቱን በቅጡ ሳይለምደው የሥርዓቱ ሕግ ይለወጥበታልና።

በአንድ ሰው ላይ የተጣለ አደራ

በ1990ዎቹ ኢንተርኔት የንግድ መድረክ ሲሆን ፖስቴል በመተማመን የያዙት መዝገብ የመንግሥታትና የኩባንያዎች ክርክር ማዕከል ሆነ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1998 ፖስቴል የስያሜውን ሥርዓት ሥር ከሚይዙት ሰርቨሮች መካከል የስምንቱን አስተዳዳሪዎች ዋናውን መዝገብ ከአንድ የግል ኩባንያ ሰርቨር መውሰድ ትተው ከእርሳቸው ተቋም ሰርቨር እንዲወስዱ በኢሜይል ጠየቁ። አስተዳዳሪዎቹ ጥያቄውን ፈጸሙ። ለመፈጸም የበቃቸው ላኪው ፖስቴል መሆናቸው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣናት ሲቃወሙ ፖስቴል ድርጊቱን ሙከራ ብለው ገልጸው ሁሉም ነገር ወደነበረበት እንዲመለስ አደረጉ።

ይህ ክንውን ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ሥልጣን ትግል ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሌላ ትርጉም አለው። የዓለም አውታር ቁልፍ በአንድ ሰው መልካም ስም ላይ የተንጠለጠለ እንደነበር በአደባባይ አሳይቷል። ሰውየው ታማኝ ነበሩ፤ ነገር ግን ታማኝነታቸው ሊተላለፍ የሚችል ሥርዓት ገና አልሆነም ነበር። መዝገቡን የሚረከበው አይካን የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሴፕቴምበር 30 ቀን 1998 ተመሠረተ። ፖስቴል ከ16 ቀናት በኋላ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1998፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ችግር በሎስ አንጀለስ በ55 ዓመታቸው አረፉ። የተረካቢው ድርጅት መመሥረት በጥቂት ቀናት ብቻ ቀደማቸው። በስማቸው የተሰየመውን ዓመታዊ ሽልማት የኢንተርኔት ማኅበር ይሰጣል፤ በ2007 የተቀበሉት በአፍሪካ ኢንተርኔት እንዲስፋፋ የደከሙት ጋናዊው ፕሮፌሰር ኒ ኳይኖር ናቸው።

ከፖስቴል በኋላ፦ ማኅተሙ ሲጨመር

ፖስቴል ባረፉ በአምስተኛው ወር፣ በማርች 1999፣ በእርሳቸው የኢሜይል ሕግ ላይ የላኪን ማንነት ማረጋገጫ የሚጨምረው አር ኤፍ ሲ 2554 ወጣ። ከዚያ በኋላ ኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም ስምና የይለፍ ቃል ማቅረብ ልማድ ሆነ፤ መስመሩም በምስጢር መጻፊያ ተሸፈነ። ለብዙ ዓመታት ይህ በቂ መስሎ ነበር። ነገር ግን የይለፍ ቃል የሚሰረቅ፣ የሚገመት፣ በብዙ ቦታ የሚደገም ነገር ነው። በፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ የይለፍ ቃል ደግሞ ያገኘው ሰው ሁሉ ሙሉውን አካውንት የሚከፍትበት ቁልፍ ነው።

በኦክቶበር 2012 የወጣው አር ኤፍ ሲ 6749 ኦውዝ 2.0 የተባለውን ሌላ መንገድ ደነገገ። በዚህ መንገድ ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን አይይዝም። ባለቤቱ በራሱ በአገልግሎት ሰጪው ገጽ ገብቶ ለፕሮግራሙ ይፈቅዳል፤ ፕሮግራሙም ዕድሜው አጭር የሆነ ቶከን ይቀበላል፤ ጊዜው ሲያልፍ በማደሻ ቶከን ሌላ ይጠይቃል። ፈቃዱ ለተወሰነ ሥራ ብቻ ሊሰጥ፣ በተፈለገ ጊዜም ሊሻር ይችላል። የይለፍ ቃል የቤቱ ቁልፍ ከሆነ ቶከን ቀኑና ጉዳዩ የተጻፈበት የመግቢያ ወረቀት ነው።

ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች በሚሰጠው የኢሜይል አገልግሎት በይለፍ ቃል ብቻ መግባትን እንደሚያቆም በ2019 አስታወቀ፤ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ቀኑን አራዝሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ መዝጋት ጀመረ። ከዚያ አስቀድሞ በአንዳንድ ደንበኞች ላይ አሮጌውን መንገድ ለአጭር ጊዜ እየዘጋ የሙከራ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ይህ በ1982 የተደረገው የሙከራ መዝጋት ታናሽ ወንድም ነው። ጉግልም ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ የግል አካውንቶች ስምና የይለፍ ቃል ብቻ በሚጠይቁ ፕሮግራሞች እንዳይከፈቱ አደረገ፤ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበሩ ተጠቃሚዎች ግን ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያገለግል ልዩ የይለፍ ቃል ማውጣት ይችላሉ።

ለፕሮግራም ጠባቂዎች የሚተርፍ ትምህርት

ለአብነት ያህል በቦኬ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ከቀበሌዎች በኢሜይል የሚደርሱትን ቅጾች እየሰበሰበ በየሳምንቱ ወደ ቺሮ የሚልክ ፕሮግራም ቢኖረው ከላይ የተገለጸው ታሪክ ምን ይጠቅመዋል?

በመጀመሪያ፣ የአኃዙን ቋንቋ መለየት ይገባል። በአካባቢው መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ቆይቶ መሞከር አለበት፤ በ4 የሚጀምር መልስም ተመሳሳይ ትርጉም አለው። 535 የሚለው መልስ ግን ማንነትህ አልተረጋገጠም ማለት ነው። ይህን መልስ ያገኘ ፕሮግራም በየደቂቃው መሞከሩን ከቀጠለ አገልግሎት ሰጪው እንደ ሌባ ሊቆጥረውና አካውንቱን ሊቆልፈው ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ ሥራውን አቁሞ ሰው መጥራት ነው። ፖስቴል በ1982 ያስቀመጡት የጊዜያዊና የቋሚ እምቢታ ልዩነት ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የመግቢያው ክፍል ከቀረው ሥራ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ቅጽ የሚያነብበው፣ ሪፖርት የሚያዘጋጀውና በሩን የሚከፍተው ክፍል ከተደባለቁ የበሩ ሕግ በተለወጠ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይፈርሳል። ከተለያዩ ግን የሚለወጠው በሩ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ የሚያልቅባቸውን ምክንያቶች ማወቅ ያስፈልጋል። በጉግል አሠራር የማደሻ ቶከን ለስድስት ወራት ሥራ ላይ ካልዋለ ይሞታል፤ ፕሮግራሙ በሙከራ ደረጃ የተመዘገበ ከሆነ በሰባት ቀን ያልቃል፤ ኢሜይልን ለመክፈት የተሰጠ ፈቃድም ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሲቀይር ይሻራል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሪፖርት የሚልክ ፕሮግራም ሁልጊዜ በወሳኙ ቀን የሚሰናከለው ምናልባት በዚህ ሊሆን ይችላል።

አራተኛውና ዋነኛው የአደራ ጉዳይ ነው። የጽሕፈት ቤቱ አካውንት በአንድ ሠራተኛ ስም ተከፍቶ የማረጋገጫው ኮድ በዚያው ሠራተኛ የእጅ ስልክ ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ ሠራተኛው በዝውውር የሄደ ቀን በሩ ይዘጋል። ሠራተኛው ምንም ጥፋት አላጠፋም፤ ታማኝነቱም አልጎደለም። የጎደለው ርክክብ ነው። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ከአንዱ ኃላፊ ወደ ሌላው በቃለ ጉባኤ እንደሚተላለፍ ሁሉ የአካውንት ቁልፍ፣ የማረጋገጫ ስልክና የመልሶ ማግኛ አድራሻም በጽሑፍ ሊተላለፉ ይገባል።

ማጠቃለያ

የጆን ፖስቴል ሕይወት ሁለት የሚቃረኑ የሚመስሉ ነገሮችን አስተባብሯል። በአንድ በኩል ለማያውቁት ሁሉ በር የሚከፍት ሕግ ጻፉ፤ ያ ክፍትነት ባይኖር ኢሜይል ከጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች አልፎ ዓለምን ባላዳረሰ ነበር። በሌላ በኩል ያልተፈለገ መልእክት የሚያመጣውን ጉዳት ቀድመው አስጠነቀቁ፤ ለውጥ ሲያስፈልግም ቀኑን በጽሑፍ አስታውቀው፣ ድልድይ አቅደው አሻገሩ። ማኅተሙን በኢሜይል ላይ የጨመሩት ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ናቸው፤ ሥራውም እስካሁን አላለቀም።

የመግቢያ ሕግ ወደፊትም ይለወጣል። ለውጡን ከሩቅ የሚሰማው የወረዳ ጽሕፈት ቤት በሩ ተዘግቶበት እንዳይገኝ፣ የአገልግሎት ሰጪዎችን ማስታወቂያ በየጊዜው የሚያነብ ኃላፊ መመደብ፣ ከቀነ ገደቡ በፊት አሮጌውን መንገድ ራሱ ለአንድ ቀን ዘግቶ መፈተሽና ቁልፉን ከአንድ በላይ በሆኑ እጆች በርክክብ ማስቀመጥ ይኖርበታል። የፖስቴልን መዝገብ የሚረከበው ተቋም የተመሠረተው በሕይወታቸው የመጨረሻ ሳምንታት ነው፤ አንድ ጽሕፈት ቤት ግን እስከዚያ ሰዓት መጠበቅ አይኖርበትም።